ከበሮና ለውዝ፤ ሙዚቃ ምግብ የማይስማማውን ሰውነት ያበርደዋልን?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በሐረር የተነበበ ንግግር)



የዚህን ንግግር ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ስለጥፍ አንድ የማኅበራችን አባል ከኋላዬ ቆሞ አነበበና «በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ለጨጓራ ክራር ሊያዝልን ነው» አለ። እኔም አብሬው ሣቅሁ። ነገሩን ያነሣሁት ግን ለሣቅ አይደለም። ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የሚተኛ ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት በአንድ ሰርግ ላይ በዓይኔ ፊት ሊሞት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላም ይኸው ጓደኛዬ «ሙዚቃ አለርጂን ያድናል» የሚል ወሬ በስልኩ ደርሶት «እንግዲህ ሙዚቃ እየሰማሁ ለውዝ መብላት እችላለሁ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያን ሰዓት የምመልስለት አልነበረኝም። የሕክምና ተማሪ ሆኜ የምመልሰው ማጣቴ አሳፈረኝና የሙዚቃውን ወሬ ከምንጩ ለመፈለግ ተነሣሁ። ያገኘሁትን ነው ዛሬ የማቀርብላችሁ። ጓደኛዬ ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል፤ አሁን እዚሁ በመካከላችን ስለ ተቀመጠ ዞር ዞር እያላችሁ እንዳትፈልጉት እኔም እለምናችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ጓደኛዬ የጎጃም ልጅ ነው። ለውዝን አዘውትሮ መብላት የጀመረው ወደዚህ ከመጣ ወዲህ ነው። ሐረር ተቀምጦ ለውዝ ሳይበላ የሚከርም ሰው እንደሌለ መቼም ታውቃላችሁ፤ በጅጅጋ መንገድ ላይ ያለችው ባቢሌ በለውዟ የታወቀች ናት፤ ከዚያ የሚመጣው ለውዝ በየመንገዱ ዳር ተቆልቶ ይሸጣል። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ፍሬ በበላ ቁጥር አፉን ያሳክከው ነበር። «ጨው በዝቶበት ነው» እያለ ያልፈዋል። እኔም እንደ እርሱ አልፈው ነበር።

ያን ሰሞን ፈተና ነበረብንና ሁለት ሌሊት ያለ እንቅልፍ አደርን። ፈተናው በተፈጸመ ማግሥት አንድ የክፍላችን ልጅ የእኅቱ ሰርግ ስለ ነበረ በጀጎል ውስጥ ወዳለው ቤታቸው ጠራን። የሐረሪን ቤት ውስጡን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከፍና ዝቅ ያለው ቀይ መደብ፣ በግድግዳው ላይ የተደረደረው ስፌትና ሳሕን፣ በምንጣፉ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚቀመጠው እንግዳ። ሴቶቹ ከበሮ ይመታሉ፤ የእንጨት ማጨብጨቢያ ያጋጫሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ጓደኛዬ ከፊቱ ከቀረበው ለውዝ አንድ እፍኝ ያህል በላና ወዲያው ተነሥቶ ከወጣቶቹ ጋር ይጨፍር ጀመር። ጎጃሜ ነውና በትከሻ ነው የጀመረው፤ ሰዉም ደስ አለው።

ሩብ ሰዓት ያህል ቢሆነው ነው፤ ወደ እኔ መጥቶ «ከንፈሬን እየው» አለኝ። ከንፈሩ ወፍሯል። አንገቱና ደረቱ ሽፍ ብሎ ቀልቷል። ድምፁ ሻክሮ ነበር፤ ቀጥሎም ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር። አንዲት እናት «ዓይን በላው» አሉ። ሌላይቱ ወተት አመጡ። ከበሮው ደንግጦ ዝም ባለ ጊዜ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው «አታቁሙት፤ ደስታው ሲቋረጥ ይብስበታል፤ ልቡን ያረጋጋለታል፤ ምቱ!» አሉ። እኛ ግን ተሸክመን በባጃጅ ወሰድነው። መጀመሪያ በደረስንበት ጤና ቤት ዘበኛ እንጂ ሐኪም አልነበረም። በሁለተኛው ቦታ አንዲት ነርስ ገና ከበሩ ላይ አይታው አድሬናሊን በጭኑ ወጋችው፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥም ትንፋሹ ተመለሰ።

እኚያን ሽማግሌ በዚያ ሌሊት በልቤ ሰድቤአቸዋለሁ። ጓደኛዬ ያንን የስልክ ወሬ ባሳየኝ ጊዜ ግን «ልቡን ያረጋጋለታል፤ ምቱ» ያሉት ቃል ትዝ አለኝና ሐሳብ ያዘኝ። ስሕተት ናቸው ያልኋቸው ሰው አንድ ነገር ያውቁ ኖሮ ይሆን?

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። በአማርኛችን «ይህ ምግብ አይስማማኝም» የሚል ሰፊ አነጋገር አለ። ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋውም፣ ማታ ሽሮ በልቶ ቃር የሚይዘውም፣ ለውዝ ቀምሶ ጉሮሮው የሚዘጋውም ሁሉ በዚሁ አንድ ቃል ይናገራል። ለኑሮ የሚበቃ ቃል ነው፤ ለሕክምና ግን አደገኛ ነው። ሆድ መንፋትና ጉሮሮ መዘጋት አንድ ስም ካላቸው ሰው ሁለተኛውንም እንደ መጀመሪያው ችላ ይለዋል። ጓደኛዬም አንድ ዓመት ሙሉ «አይስማማኝም» ሲል ነበር፤ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ አልሰማነውም። እኔ የምናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

አለርጂ የሚለውን ስም በ1906 ያወጡት የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ናቸው። ከዚያ በኋላ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ፕራውስኒትስና ኪውስትነር የተባሉት ሁለት የጀርመን ሐኪሞች በ1921 ያሳተሙት ነው። ኪውስትነር የበሰለ ዓሣ ሲበሉ ሰውነታቸው ያብጥ ነበር፤ ፕራውስኒትስን ግን ዓሣ ምንም አያደርጋቸውም። ታዲያ ከኪውስትነር ደም የተለየውን ውኃ መሰል ክፍል ጥቂት ወስደው ፕራውስኒትስ የገዛ ቆዳቸውን ተወጉት። በማግሥቱ በዚያው ስፍራ ላይ የዓሣ ጭማቂ ቢጨመርበት ቆዳው አበጠ። ስለዚህ አለርጂ የሆድ ጠባይ ወይም የልብ ፍራቻ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ፤ በደም ውስጥ የሚዞር፣ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሊሻገር የሚችል ነገር አለ ማለት ነው። የዚያን ነገር ማንነት ለማወቅ ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ። ኢሺዛካ የተባሉት ጃፓናውያን ባልና ሚስት በአሜሪካ፣ ዮሐንሶንና ቤኒክ ደግሞ በስዊድን፣ በ1966 እና በ1967 ለየብቻቸው ደረሱበት፤ በ1968ም አይ.ጂ.ኢ. የሚል ስም ተሰጠው።

አሠራሩን ለማስረዳት ከጀጎል የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ጀጎል ጥንት አምስት በሮች ነበሯት፤ ሌሊት ሌሊት ይዘጉ ነበር። በየበሩ የቆመው ዘበኛ የጠላት መልክ የተሣለበት ወረቀት በእጁ ይዟል እንበል። በሰውነታችን ውስጥ እንደዚህ ያለውን ዘበኛ ማስት ሴል ይሉታል፤ ቦታውም ሰውነት ከውጭው ዓለም ጋር በሚገናኝበት በቆዳ፣ በአፍ፣ በጉሮሮ፣ በሳንባና በአንጀት ነው። የያዘው ወረቀት አይ.ጂ.ኢ. ነው። በጓደኛዬ ሰውነት ውስጥ ያሉት ዘበኞች በያዙት ወረቀት ላይ በስሕተት የተሣለው የለውዝ ፕሮቲን መልክ ነው። ለውዙ በበሩ ብቅ ሲል ዘበኛው ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች ይረጫል፤ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ውኃ ከደም ወደ ሥጋ ይፈስሳል፤ እብጠቱ እርሱ ነው። በአንድ በር ብቻ ሲሆን ማሳከክ ነው። በሁሉም በሮች ባንድ ጊዜ ሲሆን ግን የደም ግፊት ይወድቃል፣ የትንፋሽ መንገድ ይጠብባል፤ ሐኪሞች አናፊላክሲስ ይሉታል።

አሁን ወደ ሙዚቃው እንቅረብ። እነዚህ ዘበኞች ብዙውን ጊዜ ከነርቭ ጫፎች አጠገብ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ ከአእምሮ የሚወርደውን ወሬ ይሰማሉ፤ ሰው ሲጨነቅ የሚፈስሱት ሆርሞኖችም ይደርሱባቸዋል። ማኬንዚ የተባሉ የባልቲሞር ሐኪም በ1886 የጻፉት አንድ ነገር አለ። ጽጌረዳ ባሸተተች ቁጥር አፍንጫዋ የሚታፈንና ትንፋሽ የሚያጥራት ሴት ነበረች፤ ሐኪሙ በሥራ የተሠራ አርቴፊሻል ጽጌረዳ ቢያሳዩአት ሕመሙ ያው ተነሣባት። አእምሮ ሕመሙን መቀስቀስ ከቻለ ማብረድስ አይችልምን? ጥያቄው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቆመ ነው።

ጓደኛዬ በስልኩ ያገኘው ወሬ ምንጩ ሐጂመ ኪማታ የሚባሉ ጃፓናዊ ሐኪም ናቸው። እኚህ ሰው በ2001 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። የቆዳ አለርጂ ላለባቸው 26 ሕመምተኞች የቻርሊ ቻፕሊንን «ዘመናዊ ጊዜያት» የተባለ ፊልም 87 ደቂቃ ሙሉ አሳዩአቸው፤ ቆዳቸው በአለርጂው ነገር ሲወጋ የሚወጣው እብጠት ከፊልሙ በኋላ አነሰ። የአየር ጠባይ ዘገባ በታየ ጊዜ ግን አልቀነሰም። በ2003 ደግሞ የጎማ አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች ሙዚቃ አሰሙ። ጎማ ስል ከጎማ ዛፍ የሚወጣውን፣ የሐኪም ጓንት የሚሠራበትን ላቴክስ ማለቴ ነው። ሞዛርትን የሰሙት ሰዎች በላቴክስ ሲወጉ እብጠታቸው አነሰ፤ ደማቸው በብልቃጥ ውስጥ ሲመረመርም የሚያመነጨው አይ.ጂ.ኢ. ቀነሰ። ቤቶቨንን በሰሙት ላይ ይህ ሁሉ አልታየም። (ቤቶቨንን የምትወዱ መምህራን እንዳታዝኑብኝ፤ ውጤቱ የእኔ አይደለም።)

ከዚህ ጥናት ውስጥ ከሞዛርት ስም ይልቅ የሚበልጥብኝ አንድ ዝርዝር አለ፤ የስልኩ ወሬ ግን ፈጽሞ አላነሣውም። ኪማታ ሕመምተኞቹን በላቴክስ ብቻ ሳይሆን በራሱ በሂስታሚንም ወግተዋል። በሂስታሚን የመጣው እብጠት ሞዛርት ተሰማም አልተሰማም አልቀነሰም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሂስታሚን አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ሙዚቃ የሚያደርገው ነገር የለም። ሙዚቃው ሠርቶ ከሆነ የሠራው ከዚያ በፊት ነው፤ ዘበኛው ከመርጨቱ በፊት እጁን ያዝ አድርጎታል ማለት ነው። በረጨው ላይ ሥልጣን የለውም።

እንግዲህ የእኚያን ሽማግሌ ቃል በዚህ ሚዛን አስቀምጡት። ጓደኛዬ ከንፈሩ ባበጠ ጊዜ ሂስታሚኑ ወጥቷል። የደረሰ ነገር ደርሷል። ከዚያ በኋላ ዓለም ያፈራው ሙዚቃ ሁሉ ቢመታለት፣ በኪማታ በራሳቸው ሙከራ መሠረት፣ እብጠቱን አያጎድለውም። ሽማግሌው ፍሬ ነገሩን አላጡትም፤ ሰዓቱን ነው ያጡት።

አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ የጎማ ነገር ከምግብ ጋር ምን አገናኘው?» ሊለኝ ይችላል፤ ይገባዋልም። የኪማታ ጥናት ስለ ቆዳና ስለ ላቴክስ እንጂ ስለ ለውዝ አይደለም። ድልድዩ ይህ ነው፤ የላቴክስ አለርጂ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ ሲበሉም ያሳክካቸዋል፤ በላቴክስና በእነዚህ ፍሬዎች ውስጥ የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖች ስላሉ ዘበኛው አንዱን በሌላው ይሳሳተዋል። ስለዚህ የጎማና የምግብ አለርጂ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው፤ አሠራራቸው አንድ ነው። ነገር ግን በክንድ ቆዳ ላይ የሚወጣ አንድ እብጠት በሚሊሜትር አነሰ ማለት ለውዝ የበላ ሰው ጉሮሮ ይከፈታል ማለት አይደለም። ከክንድ እስከ ጉሮሮ ያለው መንገድ ሩቅ ነው፤ ወሬኛው ግን በአንድ እርምጃ ዘለለው።

ዝላዩ አዲስ ነገር አይደለም። በ1993 በአሜሪካ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች የሞዛርትን ሶናታ 10 ደቂቃ ሰምተው በአንድ ዓይነት የቅርጽ ፈተና ለጥቂት ደቂቃ ያህል የተሻለ ውጤት አገኙ ተብሎ ተጻፈ። ከ5 ዓመት በኋላ የጆርጅያ ግዛት ገዥ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲክ ሙዚቃ በመንግሥት ገንዘብ ይታደል ብለው ለምክር ቤታቸው አቀረቡ። ተማሪዎቹ ሕፃናት አልነበሩም፤ ውጤቱም ከሩብ ሰዓት አላለፈም። ይሁን እንጂ ሰው የሚወደውን ነገር መድኃኒት ነው ሲሉት ቶሎ ያምናል፤ እኔም ብሆን የሚያሳምመኝ ነገር በዘፈን ቢድን ደስ ይለኛል።

ደግሞም የኪማታን ሥራ ስትመለከቱ እኚህ ሐኪም ብቻቸውን የፈረሙበት መሆኑን ልብ በሉ። ሕመምተኛውም የሚሰማውን ሙዚቃ እያወቀ ይሰማል እንጂ እንደ ክኒን ተሸፍኖ አይሰጠውም። እኔ በበኩሌ ውጤቱን ውሸት ነው አልልም፤ አንድ ምስክር ያለው ነገር ነው እላለሁ። ነገር ግን ከሌላ ወገን የሚደግፈው አለ። በ2009 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአፍንጫ አለርጂ ያለባቸውን 28 ሰዎች አንድ ቀን ጸጥ ብለው እንዲውሉ፣ አንድ ቀን ደግሞ በዳኞች ፊት ቆመው ንግግር እንዲያደርጉና በቃላቸው ሒሳብ እንዲሠሩ አደረጓቸው። ጭንቀት ይበዛባቸው በነበሩት ሰዎች ላይ ከንግግሩ በኋላ የቆዳው እብጠት ሰፋ። (አሁን በፊታችሁ ቆሜ ሳለሁ ቢወጉኝ የሚወጣውን እብጠት ማየት ነበረባችሁ።) ኪማታም ራሳቸው በ2003 ባወጡት ሌላ ጽሑፍ ደጋግሞ የሚጮኽ የእጅ ስልክ የሕመምተኞችን እብጠት እንደሚጨምር አሳይተዋል። እንግዲህ ጭንቀት እንደሚያብስ ከአንድ በላይ ምስክር አለ፤ ከጭንቀት የሚያሳርፍ ነገር በመጠኑ ቢያበርድ የሚያስገርም አይሆንም።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ሙዚቃ ስለሚሰማ ሰው ነው። በዚህ ከተማ ሙዚቃን ማን ተቀምጦ ሰምቶ ያውቃል?

የሐረርን ማታ አስቡ። ዩኔስኮ በ2023 በመዝገቡ ያሰፈረውን የሹዋሊድን በዓል ያያችሁ ትመሰክራላችሁ። ከበሮው ይመታል፤ በሁለት እጅ የሚያዘው የእንጨት ማጨብጨቢያ ይጋጫል፤ ዚክሪው በቅብብል ይወጣል፤ ሕዝቡ ቆሞ ይወዛወዛል፤ ሌሊቱ ይገፋል። (ዚክሪ አምልኮ እንጂ ዘፈን አይደለም የሚሉኝን አልከራከራቸውም፤ እኔ የምናገረው ሰውነት ስለሚያደርገው ነገር ነው።) በሰርጉም ቤት እንዲሁ ነው። ጫት ለሚቅመውም እንቅልፍ በየት በኩል ይመጣል? የእኛ ሙዚቃ ጆሮን ብቻ አይፈልግም፤ እግርን፣ ትከሻን፣ ላብንና ሌሊትን ይፈልጋል።

ይህም ለለውዝ አለርጂ ትልቅ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር የተደረገና በ2019 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የለውዝ አለርጂ ያለባቸውን ጎልማሶች በሐኪም ጥበቃ ሥር ከትንሽ ጀምሮ እየጨመሩ ለውዝ አበሉአቸው፤ ሕመም የሚቀሰቅሰውንም መጠን ለኩ። ከዚያም ያንኑ ሰው አንድ ጊዜ እንቅልፍ ነሥተው፣ ሌላ ጊዜ የሰውነት እንቅስቃሴ አሠርተው ደገሙት። በሁለቱም ጊዜ ሕመሙን ለመቀስቀስ የሚበቃው የለውዝ መጠን 45 በመቶ ያህል ዝቅ አለ። ትናንት በ10 ፍሬ የማይታመም ሰው እንቅልፍ ባጣ ማግሥት በ5 ወይም በ6 ፍሬ ሊታመም ይችላል ማለት ነው። ከዚህም የሚብስ አለ፤ በ1979 ስለ አንድ ሯጭ የተጻፈ ታሪክ አለ፤ የባሕር ቀንድ አውጣና የመሳሰለውን በልቶ ሲሮጥ ብቻ ነበር የሚወድቀው። ከዚያ ወዲህ ስንዴ በልተው ሲንቀሳቀሱ ብቻ የሚታመሙ ሰዎች በብዙ አገር ተገኝተዋል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያ ሰርግ እንደ ፊልም በዓይኔ ፊት ተመለሰ። ጓደኛዬ አንድ ዓመት ሙሉ ጥቂት ጥቂት ፍሬ ሲበላ አፉን ብቻ ያሳከከው፣ በዚያ ሌሊት ግን ሊሞት የደረሰው ስለ ምንድር ነው? አንደኛ፣ አብዝቶ በልቷል። ደግሞም ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቷል፤ ለውዙን ውጦ ሳያበቃም በከበሮ ጨፍሯል። ሽማግሌው ከበሮው ያድነዋል ብለው ነበር፤ ከበሮው ግን በሽታውን ሳያግዝ አልቀረም። ከበሮውን መክሰሴ አይደለም። ሞዛርትን በወንበር ተቀምጦ የሰማ ጃፓናዊና ከበሮ ሰምቶ የጨፈረ ጎጃሜ ሁለቱም «ሙዚቃ ሰሙ» ቢባሉ ሰውነታቸው ግን የሠራው ሥራ ተቃራኒ ነው፤ አንዱ አርፏል፣ አንዱ ሮጧል።

ሌላም ነገር ተብሎኛል፤ አንድ ዘመዱ «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ በእኛ ዘንድ የለም» ብለው ተከራክረውኛል። ግማሹ እውነት አለው። በጅማና በአካባቢዋ በተደረጉና በ1997 እና በ2001 «ላንሴት» በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በታተሙ ጥናቶች፣ ደረት የማፏጨት ሕመም በከተማ ከገጠር ይልቅ እንደሚበዛ፣ በአንጀታቸው የመንጠቆ ትል ባለባቸው ሰዎችም ላይ እንደሚያንስ ታይቷል። እንዲሁም በ2015 በለንደን ከ640 ሕፃናት ለግማሾቹ ገና በመጀመሪያው ዓመታቸው የለውዝ ምግብ ቢጀመርላቸው፣ 5 ዓመት ሲሞላቸው የለውዝ አለርጂ ያደረባቸው 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ለውዝ በተከለከሉት ዘንድ 17.2 በመቶ ሆነ። የባቢሌ እናት ለልጇ ለውዝ ስታቀምስ ይህን አላነበበችም። ግን ከተሜው እየበዛ፣ ትሉ በክኒን እየጠፋ ነው፤ ለውዝ ሳያውቅ ያደገ ልጅም ከደጋ ወደዚህ ለትምህርት ይመጣል። እኚያ ዘመዱ በዚያ ሌሊት ባጃጁ ውስጥ አልነበሩም።

ስለዚህ ለጓደኛዬ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። ለውዝ አትብላ፤ በሞዛርትም፣ በከበሮም፣ በዋሽንትም አትብላ። በስሕተት በልተህ ከንፈርህ ካበጠ ወይም ትንፋሽህ ካፏጨ አትጨፍር፣ አትሩጥ፣ ተነሥተህም አትቁም፤ ተጋደም፣ እግርህንም ከፍ አድርግ፤ ትንፋሽ ካጠረህ ግን ተደግፈህ ተቀመጥ። ሰዎቹ አድሬናሊን ወደሚገኝበት ይውሰዱህ፤ መርፌውም በጭንህ ጎን ባለው ሥጋ ላይ ይሁን። ወተትና ዓይነ ጥላ ሲነገር ደቂቃው ያልፋል። ለምርመራ ወደ ሐኪም ሂድ፤ ፈተና ባለብን ሰሞንም ካለ እንቅልፍ አትደር። የመጨረሻውን እንደማይፈጽመው አውቃለሁ፤ እኔም አልፈጽመውም።

«ሙዚቃውስ?» አለኝ። ሙዚቃውን ስማ አልሁት። በየቀኑ የምታሳክከው ቆዳ፣ እበላ ይሆን እያልህ በምግብ ቤት የምትጨነቀው ጭንቀት፣ ከሰርጉ ወዲህ ሌሊት የሚያባንንህ ድንጋጤ፣ ለእነዚህ ሙዚቃ የሚረዳ ይመስለኛል። ከሰርጉ ወዲህ ጓደኛዬ ሰው በተሰበሰበበት መብላት ትቶ ነበር፤ ለብቻው ዳቦ በሻይ ይበላ ነበር። ይህ በምግብ አለርጂ የተያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሁለተኛ በሽታ ነው፤ አድሬናሊን አይደርስበትም።

አሁን ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። ኪማታ ያደረጉትን እኛ እዚህ ልንደግመው እንችላለን። የሚያስፈልገው የቆዳ መውጊያ መርፌ፣ የአለርጂው ጭማቂ፣ ማመሳከሪያ የሚሆን ሂስታሚን፣ ማስመሪያ፣ አልጋ፣ በአጠገቡም የተዘጋጀ አድሬናሊንና የሚያዝበት ሐኪም ነው። አንዱን ቀን በጸጥታ፣ አንዱን ቀን በሞዛርት፣ አንዱን ቀን በሐረር ከበሮ እናደርገዋለን፤ ከበሮውን ግን ተቀምጠው ይሰሙታል፤ ሌላ ቀን ደግሞ በሐኪም ፈቃድ ተነሥተው ይወዛወዙለታል። እብጠቱን የሚለካው ሰው የትኛው ሙዚቃ እንደ ተሰማ አያውቅም። ከሞዛርት ይልቅ የአሊ ቢራን ድምፅ ሰምቶ ያደገ የድሬዳዋ ልጅ በየትኛው እንደሚያርፍ ማየት እፈልጋለሁ፤ ኪማታን የረዳቸው ሞዛርት ይሁን ወይስ ሰው የሚወደውን መስማቱ፣ ከዚህ በቀር መለያ መንገድ አይታየኝም።

ጓደኛዬን የመጀመሪያው ተመርማሪ እንዲሆን ጠይቄው ነበር። ሁለት ቀን አሰበበትና እሺ አለኝ፤ ነገር ግን ከሞዛርቱና ከከበሮው ጋር የጎጃም ማሲንቆም ይጨመርልኝ፣ ያለዚያ ክንዴን አልዘረጋም ብሏል።